በቆርቆሮ ግድግዳ የሰማሁት ፊልም

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ፣ ከጎረቤቴ ቤት ግድግዳውን አልፎ አንድ ዘፈን መጣ። እጄ ትሪው ላይ እንዳለ ቀረ። የህንድ ዘፈን ነው። ቋንቋውን አልሰማም፤ ዘፋኟም ማን እንደሆነች አላውቅም። ግን ከዋሽንቱ በኋላ ከበሮው ዝም እንደሚል፣ ከዚያ ሴትዮዋ ድምፅዋን እንደምትሰብር፣ ሕፃናት ደግሞ ከኋላዋ ተቀብለው እንደሚያዜሙ አስቀድሜ አወቅሁ፤ እንዳወቅሁትም ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ የራቀ ነገር እንዲህ ከአጠገብ ሲጠራ ሰው ይደነግጣል። አማትቤ ተነሣሁ። ያ ዘፈን ያለበትን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

የምኖረው ሙስካት ነው። ልጄ እዚህ ነርስ ናት። ልጆቿን ላቅፍላት ለጥቂት ወር ብዬ መጣሁ፤ ልጆቹ አድገው ትምህርት ቤት ገቡ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። ዓርብ ዓርብ የብዙ አገር ክርስቲያን በሚጋራው ግቢ እናስቀድሳለን፤ ሌላው ቀን ከባሕሩ ሙቀት ተሸሽጎ ቤት መቀመጥ ነው። ጎረቤቴ ሱኒታ እንደኔው ልጇን ተከትላ የመጣች የህንድ ሴት ናት። በእኔ የቢሮ እንግሊዝኛና በእሷ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንግባባለን፤ የጎደለውን በእጃችን እንሞላዋለን። እሷ ሥጋ አትበላም፣ እኔም ጾም አላጎድልም፤ ስለዚህ ወጥ እንቀያየራለን። በሯን አንኳኩቼ «ይህን ፊልም ከመጀመሪያው ልትመልሺልኝ ትችያለሽ?» ስላት ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቴሌቪዥኗ የጠየቅኋት ነገር ቢኖር ድምፁን እንድትቀንስልኝ ብቻ ነበር።

ነገሩ የጅጅጋ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ የሸሸውም ወደ ቤቱ የተመለሰበት፣ ያልተመለሰውም በየዘመዱ የተጠጋበት ጊዜ። እኔ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቴትሮን ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከላይ ነጠላ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ መንገዴ በገበያው መሐል ነበርና ከሐርጌሳ በኩል የገባውን ሁሉ ሳልገዛ አየው ነበር፦ አበባ የተሣለበት ቴርሞስ፣ ጠርሙሱ እንደ ግመል አንገት የረዘመ ሽቶ፣ ወርቃማ ቀለበት የዞረበት የሻይ ብርጭቆ። የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ድሪያ በእጅ ቢጨብጡት ሙሉው ቀሚስ ጡጫ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሲለብሱት ደግሞ መንገዱን ይሞላዋል። ሳንቡሳ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ በስባስ የሚሉት የሚያስለቅስ የቃሪያ ዳጣ እላዩ ላይ ፈሶበት። ዛሬ ሙስካት ውስጥ ሳንቡሳ በሰሃን ተደርድሮ በሹካ ሲበላ ሳይ፣ ጋዜጣው ላይ የሚቀረው ዘይት ይናፍቀኛል።

ከእህል ተራው ጀርባ፣ ጋራዡ አጠገብ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጀማል የሚባል ሰው ነው፤ የዴኩን ራስ በጨርቅና በሽቶ ያብሰዋል እየተባለ ይነገርበት ነበር፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ ቤቱ ሁልጊዜ ናፍጣና ጽጌረዳ ይሸታል። በሌላው ቀን ወንዶች ናቸው። ለወንዶች ተርጓሚ አያስፈልግም፤ ቡጢ ሲሰነዘር በየትኛውም ቋንቋ ቡጢ ነው። ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እስከ አሱር ሶላት ግን የሴቶች ነበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፤ ጡት የሚጠባ ልጅ በነጻ። ሴቶቹ ለፊልሙ ብቻ አልነበረም የሚመጡት። ለኤዶ ፋዱማ ነበር።

ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ፋዱማን ግን ከተማው ሁሉ ኤዶ ይላት ነበር። በልጅነቷ ኤደን ወደብ፣ የህንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት አድጋ ቋንቋውን ከዚያ ይዛ መጥታለች። ለስላሳ መጠጥ የሚደረደርበት ሳጥን ገልብጣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ለፊልሙ፣ ፊቷን ለሴቶቹ ሰጥታ። ለምን ዞራ እንደማታይ ሲጠይቋት «እሱን እናንተ እዩት፤ እኔ እናንተን ነው የማየው። የምታለቅሱበት ጋ አስረዝማለሁ፣ የምታዛጉበት ጋ አሳጥራለሁ» ትል ነበር። መጀመሪያ በሶማልኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ታወርደዋለች፤ የራሷንም ትጨምራለች። «አሁን ልጁ ምን አላት መሰላችሁ? 'ካየሁሽ ወዲህ እህል አይወርድልኝም' አላት። ውሸቱን ነው፤ ቅድም ሲበላ አይታችሁታል!» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

በጃፓን አገር፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ በፊት፣ ከመጋረጃው ጎን ተቀምጦ ታሪኩን የሚተርክ ሰው እንደነበረ፣ ሕዝቡም ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ተራኪው ብሎ ትኬት ይቆርጥ እንደነበር በቅርቡ መጽሔት ላይ አነበብኩ። ጽሑፉ ይህን የጠፋ ጥበብ ይለዋል። ጠፍቶ የት እንደሄደ እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

እኔ ወደ ውስጥ አልገባም ነበር። የነፍስ አባቴ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ አትርገጪ ብለውኛል፤ እኔም ቃሌን እጠብቃለሁ። ደጃፉን መርገጥና ደጃፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ግን አንድ አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። የተቀመጥኩትም በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ ብርቄ አዲጋላ ተወለደች፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነቷ ባቡሩ ገና ሳይታይ የጫነውን ከባዶው በድምፁ ትለይ እንደነበር፣ የጣቢያው ሰዎችም «ብርቄ ምን አለች?» ብለው ይጠይቋት እንደነበር ደጋግማ ነግራናለች። ጅጅጋ ካገባች በኋላ እህል ተራ ውስጥ ጥራጥሬ ስትቸረችር ኖረች። ከዚያ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጣ። መጀመሪያ ምስርና ማሽላን በጣቷ ትለይ ጀመር፤ ቀጥሎ የሰውን ፊት ተወች፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀራት። ሱቋን ዘጋች። ያቺ ገበያውን በቀልድ የምትመራ ሴት ግድግዳ ተደግፋ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች መዋል ሆነ ሥራዋ።

ሞራ ይገፈፋል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቴ ግን የታላቅ እህቷን አይታለች፤ አንድ ባለመድኃኒት ዓይኗን ነካክቶላት መግል ይዞ ፈሰሰ፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። «የተነካ ዓይን ይፈሳል» ካለች አለች ነው። ያን ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ወደ ሆስፒታሉ እንደሚመጡ ተነገረ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ለመንኳት። ወንድሜም ለመናት። ቄሱም ቤት ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ጠበሉንም የሰጠ እሱ፣ ሐኪሙንም የሰጠ እሱ» አሏት። «እሱ የሰጠኝን ጨለማስ ማን ይመልስበታል?» ብላ መለሰችላቸው። እኔ ከሥራ ስወጣ እየተንበረከክሁ ኪዳነ ምሕረትን «አንቺው አፏን አስከፍቺልኝ» እላት ነበር።

እናቴን ወደ ቪዲዮ ቤት ያመጣት የአሻ ነገር ነው። አሻ ድሪያ ነጋዴ ናት፤ ሱቋ ከእናቴ ሱቅ ትይዩ ነበር። አንድ ቀን ቤታችን ገብታ እናቴን ግድግዳ ሥር አየቻት። «ሆዮ ብርቄ!» አለች፤ ሆዮ በእነሱ እናት ማለት ነው፤ «እዚህ ተቀምጠሽ ልትሻግቺ ነው? ሐሙስ ፊልም እንሂድ!»

«አሻ፣ በዓይኔ ነው የምትቀልጂው?»

«ወላሂ አልቀለድኩም! ዓይን ለፊልም ምን ያደርጋል? ኤዶ ፋዱማ ራሷ ታያለች እንዴ?»

እናቴ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። ሐሙስ መጣ፣ ሄደች። ሴቶቹ ከኤዶ ሳጥን ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ከሥራ አስፈቅጄ እጇን ይዤ አመጣታለሁ፤ አሻ ከበሩ ትቀበለኛለች፤ እኔ ውጭ፣ ከተቆለለው የፕላስቲክ ጫማ አጠገብ እቀመጣለሁ። «ጽጌ የጫማ ዘበኛ ሆነች፤ አባዮ፣ የኔ አረንጓዴው ነው፣ እንዳይሸጥ!» እያሉ ይገባሉ። አባዮ ማለት እህቴ። በቆርቆሮው በኩል ሁሉ ይሰማኛል፤ ዘፈኑ፣ የኤዶ ድምፅ፣ ሳቁ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ፊልሙን በልቤ እሠራዋለሁ። ስለዚህ የኔ ህንድ አገር እንደ ጅጅጋ አቧራ አለበት፣ ሴቶቹም ድሪያ ለብሰዋል።

ሐኪሞቹ መጥተው ሥራ በጀመሩበት ሳምንት ሐሙስ የታየው ፊልም ያ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንዲት ዓይነ ስውር እናት አንድ ልጇ በጎርፍ ይለያታል። እሷ ወንዝ ዳር ትቀመጥና፣ ድምፄን ሰምቶ ይመጣል ብላ ሕፃን ሳለ የምትዘፍንለትን ዘፈን በየማታው ትዘፍናለች። ልጁ ሌላ ከተማ አድጎ ሀብታም ሆኗል። የመጀመሪያው ዘፈን ሲመጣ ውጭ የተቀመጥኩት እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ኤዶ አስረዘመችው፤ ያለቀሱ ነበሩ ማለት ነው።

ወደ መጨረሻው ዘፈኑ ተመለሰ፤ በቀስታ። ዋሽንቱ፣ ከዚያ የከበሮው ዝምታ፣ ከዚያ ሕፃናቱ ብቻ፤ ሴትዮዋ የለችበትም። ኤዶም ዝም አለች። ኤዶ ዝም ብላ አታውቅም። የቪዲዮ ቤቱ ጄኔሬተር ብቻ ይሰማል። አንድ ሰው ውስጥ ታመመ ብዬ ልነሣ ስል፣ ድምፅዋ መጣ፤ በአማርኛ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፤

«ልጁ ደረሰ። ሐኪም ይዞ ደረሰ። እናቱ 'ፈራሁ' አለች። ልጁ 'እኔ እጅሽን እይዛለሁ' አላት። ሐኪሙ ሞራውን ከዓይኗ ላይ፣ የወተት ስልባቦት እንደሚነሣ፣ እንዲህ አድርጎ አነሣው። አሁን ጨርቁን እየፈቱላት ነው። እየፈቱ ነው... አየችው። ልጇን አየችው!»

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ቤቱ በሙሉ በእልልታ ተናጋ፤ ቆርቆሮው ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእልልታው መሐል የሚንሰቀሰቁም ነበሩ። የደስታ ነው አልኩ። እናቴ በአሻ ትከሻ ተደግፋ ወጣች። የአሻ ዓይን ቀልቷል። ጋራዡን አልፈን መንገድ እንደጀመርን እናቴ «ጽጌ፣ እነዚያ ሐኪሞች መቼ ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ከነገ ወዲያ።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ።»

ያን ማታ ተንበርክኬ ለኪዳነ ምሕረት ያልኳትን እኔና እሷ እናውቃለን።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታላት እናቴ ዓይኗን አርገበገበች፤ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ምነው እንዲህ አከሳሽ?» አለችኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተመስገን አላልኩም፤ አፌ እንቢ አለኝ፤ ሌሎች አሉልኝ። ከበረታች በኋላ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ስማ መጣች፤ በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ኤዶ ፋዱማን ሳጥኗ ላይ አገኘቻት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «ኤዶ! እንዲህ ቆንጆ መሆንሽን ማን ደበቀኝ? ቢነግሩኝ ዓይኔን ቶሎ አሠራ ነበር!» አለቻት። ኤዶ ሳቀች፤ ፊቷን ግን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። ወደዚያ ስትዞር ያን ቀን ብቻ ነው ያዩዋት አሉ።

«አሁን ያቺን የወንዝ ዳሯን ሴትዮ በዓይኔ ልያት፤ ያንን ፊልም አምጡልኝ» አለች እናቴ።

ጀማል ካሴቱን ዴኩ በላው አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ አሻ፣ የደገሀቡር ሴት ተውሳ ወስዳዋለች አለች። በሌላው ኤዶ፣ ወደ ሐርጌሳ ተመልሷል አለች። እናቴ በየሐሙሱ ትጠይቃለች፤ እነሱም በየሐሙሱ አዲስ ነገር ያመጣሉ። እኔ የነጋዴ መርሳት መሰለኝ። እንዲህ እያለ ዘመኑ ሄደ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ዲሽ ተከለ፤ ቪዲዮ ቤቱ የጎማ መጋዘን ሆነ፤ ኤዶ ፋዱማም ዐረፈች፣ ነፍሷን በደግ ቦታ ያኑርልን። እኔም ተሰደድኩ፤ ፊልሙን እንደሰማሁት በልቤ ይዤ።

ይኸው በሱኒታ ሶፋ ላይ ተቀምጠን አየነው። ህንዱ አቧራ የለበትም፤ ለምለም ነው። ሴትዮዋ ከገመትኳት ይልቅ ወጣት ናት። ሱኒታ እየተረጎመችልኝ፣ እኔም እየቀደምኳት ሄድን፤ «አሁን ጎርፍ ይመጣል፣ አሁን ልጁ መኪና ይገዛል» እያልኩ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ሱኒታ ተነሥታ መሐረብ አመጣች።

«ያዢ፤ አሁን ትሞታለች» አለችኝ።

«የለም፣ ገና ሐኪሙ አልመጣም።»

«የምን ሐኪም?»

«ዓይኗን የሚያበራላት።»

ሱኒታ አየችኝ፤ ቴሌቪዥኑን አየች። «ጽጌ፣ ይህን ፊልም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሐኪም የሚባል የለበትም።»

አልነበረበትም። ሴትዮዋ ወንዝ ዳር፣ አልጋ ላይ ነበረች። ዋሽንቱ መጣ፤ ከበሮው ዝም አለ። ልጁ ሲሮጥ ደረሰ፤ እጇን ሲያነሣው እጁ ውስጥ ወደቀ። ሕፃናቱ ዘፈኑን ሲያዜሙ፣ በህንዶች ወግ ሬሳዋን ለማቃጠል እንጨት ተደርድሮ ነበር። ከዚያ እሳት። እሳቱን እያየሁ፣ ያን ዝምታ ሰማሁት፤ ጄኔሬተሩ ብቻ የተሰማበትን ዝምታ። ለካ ኤዶ ፋዱማ ያን ጊዜ ፊልሙን ሳይሆን የእናቴን ፊት እያየች ነበር። ቤት ሙሉ ሴት ደግሞ እሳቱን እያየ ነበር፤ የሶማሌዋም፣ የአማራዋም፣ የሐረሪዋም፣ ልጅ የምታጠባዋም። አንዷ «ኧረ ሞታለች!» ብትል፣ አንዷ ብትስቅ፣ ያለቀ ነገር ነበር። የከተማ ሴት ሆዷ ወሬ አይችልም ይባላል። እነዚያ ሴቶች እሳት እያዩ እልል አሉ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከአንዷም አፍ አልወጣም።

ውሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህኛው ውሸት ግን ንስሐ ልግባ ብል ማን ፊት እንደምቆም አላውቅም። የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ እናቴ በሕይወት አለች። ጅጅጋ ከወንድሜ ጋር ትኖራለች፤ አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ዛሬም ለአሻ መርፌ ላይ ክር ያስገባላታል። እንዳመነችው ትሙት ወይስ ልንገራት? ሁለት ቀን አውጥቼ አውርጄ፣ ዓርብ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንድሜ ልጆች ከተጨዋወትን በኋላ በዙሪያው ስሽከረከር «ጽጌ፣ ምን ሆነሻል? እንደ ተንኮለኛ ልጅ ትንፋሽሽ ይቆራረጣል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ያን ፊልም አየሁት።»

«ሴትዮዋ ትሞታለች አይደል?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? የጫነውን ባቡር ከባዶው የለየ ጆሮ የሠርግና የለቅሶ ዘፈን ያምታታዋል? ኤዶ ዝም ስትል ሴትዮዋ እንደሞተች አወቅሁ። አሻ እጄን ይዛ ነበር፤ ድንገት አጥብቃ ጨበጠችኝ። ሲንሰቀሰቁም ሰማሁ። ከዚያ ኤዶ ሐኪም አመጣች።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ሄድሽ?»

«እናንተ ስትለምኑኝ የራሳችሁን ጭንቀት ነው የምሰማው፤ ልጆቼ ናችሁ። ያን ቀን ግን ቤት ሙሉ ሰው፣ ግማሹን ስሙን የማላውቀው፣ እያለቀሰ ለኔ ዓይን እልል አለ። ይህን ሰምቼ ፈርቼ ብቀር እግዚአብሔርስ ምን ይለኛል? ፊልሙን አምኜ አይደለም የሄድኩት። እነሱን አምኜ ነው።»

ዓይኔን ጠረግሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። «አንቺ ሴትዮ! ታዲያ በየሐሙሱ 'ፊልሙን አምጡ' እያልሽ እነዚያን ምስኪኖች ለምን ታስጨንቂያቸው ነበር?»

እናቴ እዚያ ማዶ ሳቀች፤ የእህል ተራዋ የብርቄ ሳቅ።

«አዲስ ሰበብ ሲፈልጉ ፊታቸውን ብታዪው!» አለች። «ጀማል ጆሮውን ያካል፣ አሻ ዘፈን ታንጎራጉራለች፣ ኤዶ ጣሪያውን ታያለች። ስንት ዓመት ፊት ሳላይ ኖሬ ነበር እኮ፣ ልጄ። የኔ ፊልም እሱ ነበር።»